ጄት ስኪን አልብሶ ማስቀመጥ፦ ከጨርቁ መረጣ እስከ ማጠፉ

ብዙ ሰው የጄት ስኪ ልብስ፣ ማለትም ማሽኑ ቆሞ ሲቀመጥ የሚሸፈንበትን ጨርቅ፣ የሚገዛው ዝናብ ፈርቶ ነው። ጄት ስኪ ግን ውሃ ላይ እንደ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ፣ ውሃ ውስጥ እንዲውል የተሠራ ማሽን ነው። ዝናብ ብቻውን ያን ያህል አይጎዳውም። የሚጨርሱት ሌሎች ናቸው። ፀሐይ የመቀመጫውን ቆዳ ታደርቃለች፣ ቀለሙን ታደበዝዛለች። የታፈነ እርጥበት ሻጋታ ያበቅላል፣ የኤሌክትሪክ ማያያዣዎችን ይበላል። ነፋስ ደግሞ ልል የሆነን ልብስ እያወዛወዘ አካሉን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል።

ከእነዚህ ከሦስቱ ልብሱ በራሱ የሚከላከለው ፀሐይን ብቻ ነው። የቀሩትን ሁለቱን ራሱ ልብሱ ሊያመጣቸው ይችላል። እርጥብ ጄት ስኪ ላይ የተጣለ ወይም ልል ሆኖ የታሰረ ልብስ ጭራሽ ካለማልበስ ይብሳል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው፤ ሥሩ ደረቅ ይሁን፣ አየር ይግባ፣ ጨርቁ አይንቀሳቀስ።

መጀመሪያ፦ የት ነው የሚቀመጠው?

ይህን ሳትመልሱ ገንዘብ አታውጡ። ቤት ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር የሚቀመጥ ከሆነ ውሃ የማያስገባ ልብስ አያስፈልጋችሁም። አቧራ የሚከለክልና አየር የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል። ውጭ የሚውል ከሆነ ፀሐይንም ዝናብንም የሚችል ያስፈልጋል። በተጎታች ተጭኖ የሚጓዝ ከሆነ ደግሞ ለጉዞ ተብሎ የተሰፋ፣ ብዙ ማሰሪያ ያለው ልብስ መሆን አለበት። ብዙ ርካሽ ልብሶች ላይ “ለማስቀመጥ ብቻ” የሚል ማስታወቂያ በትንሹ ተጽፎ ታገኛላችሁ። እሱን ፈልጋችሁ አንብቡ።

ተንሳፋፊ መድረክ ላይ የሚውል ጄት ስኪ ለብቻው የሚታይ ነው። እርጥበቱ ከሥር ስለሚመጣ እስከ ታች የሚደርስና የሚያፍን ልብስ አይሆነውም። ከጎን ጎማው፣ ማለትም አካሉን ዙሪያውን ከሚከበው የላስቲክ ጠርዝ፣ በላይ የሚቀር አጠር ያለ ይሻለዋል።

ጨርቁን መምረጥ

ሻጮች መጀመሪያ የሚጠሩላችሁ ቁጥር ዲኒየር ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር በግራም ስንት ይመዝናል የሚለው ነው። 600 ዲኒየር የሚባለው ክር ከ300ው በእጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ቁጥሩ ይጠቅማል፣ ግን ብዙ አትመኩበት። ወፍራም ክር ልል ሆኖ ከተሸመነ፣ ጠበቅ ብሎ የተሸመነ ስስ ክር ይበልጠዋል። ቁጥሩ ስለ ሽመናው ጥብቀት፣ ስለ ውሃ መከላከያ ቅቡና ስለ ስፌቱ ምንም አይነግራችሁም።

ከዲኒየር በላይ መጠየቅ ያለበት ቀለሙ እንዴት እንደገባ ነው። አንዳንዱ ፖሊስተር ከተሸመነ በኋላ ይነከራል ወይም ይታተምበታል። ሌላው ደግሞ ክሩ ከመውጣቱ በፊት ቀለሙ ከቀለጠው ጥሬ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ የተሠራ ነው። የሁለተኛው ቀለም እስከ ክሩ መሃል ድረስ ስለሚገባ ፀሐይ ቶሎ አታነጣውም። ዋጋው ከፍ ይላል። ውጭ ለሚያድር ጄት ስኪ ግን ልዩነቱ የሚከፈልበት ነው።

ዋናዎቹ አማራጮች እንዲህ ናቸው። ፖሊስተር ጠንካራ ነው፣ መፈግፈግን ይችላል፣ ስለዚህ ለጉዞ ይመረጣል። አክሪሊክ፣ ለምሳሌ ሰንብሬላ በሚል ስም የሚሸጠው፣ ፀሐይን በደንብ ይችላል፣ አየርም ያሳልፋል። መፈግፈግ ላይ ግን ከፖሊስተር ያንሳል፣ ውሃ ሲያቁርበትም ቀስ እያለ ያሳልፋል። አንድ ቦታ ቆሞ ለሚከርም ጄት ስኪ አክሪሊክ፣ መንገድ ለሚበዛበት ፖሊስተር ብትሉ ብዙም አትሳሳቱም። የጥጥ ሸራ ይተነፍሳል፣ ግን ረጥቦ ከቆየ ይበሰብሳል። ቪኒል ውሃ አያስገባም፤ አየርም አያሳልፍም፤ በብርድ ይገተራል።

እቃ የሚሸፈንበትን ሰማያዊ የላስቲክ ሸራ በተመለከተ፦ ለሁለት ቀን ችግር ማለፊያ ይሁን። ከዚያ በላይ ከቆየ አየር አያሳልፍም፣ ጠርዙ ይፈገፍጋል፣ ፀሐይ ሲበዛበት ደግሞ ተበጣጥሶ ፍርፋሪው በየስንጥቁ ይገባል። እሱን ማጽዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሌላ ከሌላችሁና ግድ ከሆነ አካሉን እንዳይነካ አድርጋችሁ በእንጨት ወይም በቧንቧ ከፍ አድርጋችሁ እንደ ድንኳን ዘርጉት። ሁለቱ ጫፎች ክፍት ይሁኑ።

አሁን ልብሱን ገልብጡና ውስጡን እዩ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚለቀው ጨርቁ ሳይሆን ስፌቱ ነው፤ ክሩን ፀሐይ ቀድማ ትበላዋለች። ድርብ ስፌት ይኑረው። የስፌቱ መስመር ከውስጥ በኩል በፕላስተር መሰል ነገር የታሸገ ከሆነ በመርፌ ቀዳዳ ውሃ አይገባም። መሪው፣ ስፖኪዮውና አፍንጫው (የፊት ጫፉ) የሚያርፉበት ቦታ ላይ ተጨማሪ ንጣፍ ተሰፍቶበታል? የአየር ማስወጫ አለው? ማስወጫው ዝናብ እንዳያስገባ ወደ ታች የታጠፈ ክዳን ያለው ነው? ለነዳጅ መሙያው የተለየ ዚፕ ካለው ጥሩ ነው፤ ዚፕ ግን ሌላ የውሃ መግቢያም ነው፣ ስለዚህ ከላዩ የሚሸፍነው ጨርቅ መኖሩን እዩ።

ስለ ቀለም አንድ ቃል። ጥቁር ቆሻሻ አያሳይም፣ ግን ፀሐይ ላይ በጣም ይግላል፤ ከሥሩ ያለው መቀመጫም አብሮ ይጋገራል። እኔ ብሆን ግራጫ እመርጣለሁ።

መለካት

“ለሁሉም የሚሆን” የሚባል መጠን አትመኑ። ተቀምጠው የሚነዱት ጄት ስኪዎች አብዛኞቹ ከ2.8 እስከ 3.6 ሜትር አካባቢ ይረዝማሉ። ቆመው የሚነዱት ደግሞ ከዚያ ያጥራሉ፣ ቅርጻቸውም ፈጽሞ ሌላ ነው። ለትልቁ የተሰፋ ልብስ ትንሹ ላይ ሲወጣ ውሃ የሚያቁር እጥፋት ይፈጥራል፤ ነፋስም ይገባበታል።

ከሁሉም የሚሻለው በአምራች፣ በሞዴልና በዓመት የተሰፋ ነው። ሲ-ዱ፣ ያማሃና ካዋሳኪ ለየሞዴላቸው የሚሆን ልብስ አላቸው። የሞዴሉ ስም ብቻ ግን አይበቃም፤ ስሙ ሳይቀየር አካሉ በየጊዜው ይቀየራል። ዓመቱን አትርሱ። የመቀመጫ ብዛትም ልዩነት አለው፤ አንዳንድ ሞዴል የሁለት ሰውና የሦስት ሰው ተብሎ በርዝመት ይለያያል።

ለሞዴላችሁ የተሰፋ ካጣችሁ ሜትር ያዙ። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ኋላው መቆሚያ ጠርዝ ድረስ ቀጥ አድርጋችሁ ለኩ። ሜትሩ የመቀመጫውን ጉብታ ተከትሎ መውጣትና መውረድ የለበትም። ቀጥሎ ሰፊውን ቦታ ለኩ፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የጎን ጎማው ያለበት ነው። ከዚያ ከጎን ጎማው እስከ መሪው አናት ያለውን ቁመት። ድምፅ ማጉያ፣ የዕቃ ማስቀመጫ ወይም ሌላ ጭማሪ ከኋላ ካሰራችሁ እሱም አብሮ ይለካ። ይኸው ነው።

ከማልበስ በፊት፦ ማጠብና ማድረቅ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ልብሱ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ሥሩ ያለውን ነው የሚያቆየው፤ ጨው ከሆነ ጨውን፣ ውሃ ከሆነ ውሃን። ጨው በተለይ ክፉ ነው። የደረቀ ቢመስልም ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ጨው ያለበት ጄት ስኪ ከልብስ ሥር መቼም በደንብ አይደርቅም።

የሞተሩን የማቀዝቀዣ መስመር በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ይህ ውጭ፣ አየር ባለበት ቦታ ይሠራል፤ የሞተር ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል። የውሃውን ጎማ ማጠቢያ መግቢያው ላይ ግጠሙ፣ ግን ገና አትክፈቱት። በአብዛኞቹ ሞዴሎች ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሞተሩ ይነሳ፣ ከዚያ ውሃው ይከፈት። ሲያልቅ ደግሞ ውሃው ይዘጋ፣ ከዚያ ሞተሩ ይጥፋ። ይህ ከተገለበጠ ውሃው በጭስ መውጫው በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የሚገፋው ጭስ የለማ። ውሃው ከተዘጋ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ አጭር አጭር ነዳጅ ስጡትና የቀረውን ውሃ አስተፉት። ይህ በሰከንዶች ውስጥ ያልቅ፤ ያለ ውሃ ብዙ ከሠራ ይቃጠላል። ስንት ደቂቃ እንደሚታጠብና የእናንተ ሞዴል የተለየ ሥርዓት እንዳለው ከማሽኑ ጋር ከመጣው መጽሐፍ እዩ። መጽሐፉ ከዚህ ጽሑፍ ይቀድማል።

ከዚያ ውጫዊውን አካል በመኪና ሳሙናና በለስላሳ ስፖንጅ እጠቡ። ከፍተኛ ግፊት ያለው የውሃ መርጫ መቀመጫው ስፌት ላይና የኤሌክትሪክ ማያያዣ ላይ አታስጠጉ። የኋላውን የማፍሰሻ ክዳኖች ፍቱ፣ ተጎታቹን አፍንጫው ከፍ እንዲል አድርጉት። ውሃው ራሱ ይወርዳል። መቀመጫውን አንሱ፣ የዕቃ ሳጥኖቹን ክፈቱ፣ ሆዱ ውስጥ ጥግ ላይ የቀረውን በስፖንጅ ምጠጡ። የረጠበ ገመድ፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት፣ ፎጣ፣ ሁሉም ይውጣ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጓንት ማስቀመጫዋን ነው፤ ሻጋታ የሚጀምረውም እዚያው ነው።

አሁን ጠብቁ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሁሉም ነገር ተከፍቶ፣ ጥላና ነፋሻማ ቦታ ላይ ይዋል። እጃችሁን ከመቀመጫው ሥር ስደዱ። እርጥበት ወይም ቅዝቃዜ ከተሰማችሁ ገና ነው።

ሲደርቅ አካሉን ሰም ቀቡት፤ ሰሙ ጨርቁ ሲነካው እንዲያንሸራትተውና እንዳይፈግፍገው ያግዛል። መቀመጫውን ለፀሐይ መከላከያ ተብሎ በተሠራ ቅባት አብሱ። የሚያብረቀርቅ ዘይታም የዳሽቦርድ ቅባት ግን መቀመጫ ላይ አትቀቡ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ተንሸራታችሁ ትወርዳላችሁ።

ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ጥቂት ነገር ይጨመራል። የነዳጅ ታንኩን ከነዳጅ ማቆያ ፈሳሽ ጋር ሙሉት፣ ፈሳሹ እስከ ሞተሩ እንዲደርስ ሲታጠብ አብሮ ጥቂት ይሥራ። ባትሪውን አውጡና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ መደበኛው የሊድ አሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ እየቀነሰ ሲሄድ ቻርጅ አድርጉት። ውሃ በሚረጋበት ብርድ አገር ላሉ የማቀዝቀዣውን ውሃ ማውጣትና ሲሊንደሩ ላይ መከላከያ ዘይት መርጨት አለ። እሱን ካልለመዳችሁት ለመካኒክ ተዉት።

አይጥም አለ። ልብስ የለበሰ ጄት ስኪ ለአይጥ የሞቀ ቤት ነው፤ የሽቦ ልባስ ደግሞ ትወዳለች። የጭስ መውጫውን በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ወትፉት። ከወተፋችሁ ግን መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ፣ “የጭስ መውጫ” ብላችሁም ጻፉበት። ያለዚያ ከወራት በኋላ ማስታወሳችሁን እጠራጠራለሁ።

ሹል ቦታዎችና ውሃ የሚያቁርባቸው

ልብስ ከመቀደዱ በፊት የት እንደሚቀደድ ማወቅ ይቻላል፦ የስፖኪዮ ጥግ፣ የመሪው ጫፎች፣ የገመድ ማሰሪያ ብረቶች፣ ከኋላ ያለው የመጎተቻ መንጠቆ። እነዚህን በአሮጌ ፎጣ፣ በተሰነጠቀ የቴኒስ ኳስ ወይም በስፖንጅ ቧንቧ ሸፍኑ። ስፖኪዮው የሚታጠፍ ከሆነ እጠፉት።

ቀጥሎ ጨርቁ የሚሰምጥበትን ቦታ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ በመሪውና በመቀመጫው መካከል፣ ወይም ከኋላ መቆሚያው ላይ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው፣ አንድ ኪሎ ማለት ነው። ግማሽ ካሬ ሜትር የሚያህል ሰምጦ ያቆረ ቦታ በ10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሲሞላ 50 ኪሎ ይሆናል። ያን ተሸክሞ የማይለጠጥ ጨርቅ የለም። ውሃውም ቀስ ብሎ መስረጉ አይቀርም። ስለዚህ ከሥሩ በአየር የተነፋ ኳስ ወይም በጨርቅ የተጠቀለለ ቀላል ነገር አድርጋችሁ ጉብ አድርጉት። ውሃ የሚወርድበት ተዳፋት ካለ አይቆምም።

ማልበስና ማሰር

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። አካሉ ላይ አቧራ ካለ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና አድርቁት፤ ያለዚያ ልብሱ ያንኑ አቧራ ይዞ ይፈገፍጋል። የልብሱንም ውስጥ አራግፉ።

ልብሱን መሬት ላይ አትጎትቱት። እንደተጠቀለለ መቀመጫው ላይ አስቀምጡትና የፊቱን ለዩ። መጀመሪያ አፍንጫውን አልብሱ፣ ላስቲክ ያለው ጠርዝ ከጎን ጎማው በታች ይውረድ። ከዚያ መሪውና ስፖኪዮው ላይ አንስታችሁ አሳልፉ፤ ጎትታችሁ አይደለም። በመጨረሻ ኋላውን። ብቻችሁን ከሆናችሁ የፊቱን ማሰሪያ አስቀድማችሁ ያዝ አድርጉት፣ አለበለዚያ ኋላውን ስትስቡ ፊቱ ይወልቃል።

ማሰሪያዎቹን ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። አንዱን ጎን ጨርሶ ማጥበቅ ስፌቱን ያጣምመዋል። የፕላስቲክ ወይም የብረት ዘለበት አካሉን እንዳይነካ ከሥሩ ቁራጭ ጨርቅ ወይም አሮጌ ካልሲ አልብሱት። ማሰሪያው በተጎታቹ ስለታም ብረት ላይ አይለፍ። ሲያልቅ ጎኑ ላይ ጨርቁን በእጃችሁ ያዙት። እፍኝ ሙሉ መጨበጥ ከቻላችሁ ልል ነው፤ ነፋስ ይጫወትበታል።

ጠበቅ ይበል ሲባል ግን ይታፈን ማለት አይደለም። ታችኛው ጠርዝ ዙሪያውን መሬት ነክቶ አየር አይዝጋ። የአየር ማስወጫዎቹ አይታጠፉ፣ ከላያቸውም ሌላ ሸራ አይደረብ። ጣሪያ ሥር ከሆነ መቀመጫውን በትንሽ እንጨት ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት፤ ሆዱ ይተነፍሳል። ልብስ እንደለበሰ ሞተር ማስነሳት በፍጹም የለም።

መንገድ ላይ

የነፋስ ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም። በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚመጣው ግፊት በ50 ከሚመጣው አራት እጥፍ ነው። ሰፈር ውስጥ ምንም ያልሆነ ልብስ አውራ ጎዳና ላይ የሚበረው ለዚህ ነው። ለጉዞ ያልተሰፋ ልብስ ካላችሁ አውልቃችሁ፣ አጥፋችሁ መኪና ውስጥ አስገቡት። እንዲሁ ራቁቱን ቢሄድ ይሻላል።

የልብስ ማሰሪያ ጄት ስኪውን አይይዝም። አፍንጫው በራሱ ገመድና ሰንሰለት፣ ኋላው በማጥበቂያ ቀበቶ ከተጎታቹ ጋር አስቀድሞ ይታሰር፤ ልብሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ጥግ ይዛችሁ ቁሙና እንደገና አጥብቁ። ጨርቅ ሲንቀጠቀጥ ይላላል። ዝናብ ከመታችሁ ስትደርሱ አውልቃችሁ አድርቁ።

ከለበሰ በኋላ

አልብሶ መርሳት የለም። ከኃይለኛ ነፋስ ወይም ዝናብ በኋላ ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። በወር አንድ ጊዜ ፀሐይና ደረቅ ቀን መርጣችሁ ግለጡት፣ መቀመጫውን አንሱ፣ አሽትቱ። አፍንጫ ከዓይን ቀድሞ ሻጋታን ያውቃል።

ከሥር ውሃ ካገኛችሁ ቶሎ ልብሱን አትውቀሱ። ጠብታው በጨርቁ ውስጠኛ ገጽ ላይ እኩል ተበትኖ ከሆነ ከውስጥ የወጣ ላብ ነው፤ መድኃኒቱ አየር ነው። በአንድ መስመር ወይም በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ያ ቀዳዳ ወይም ስፌት ነው፤ መድኃኒቱ የስፌት ማሸጊያ ሙጫ ነው። ላብን በማሸጊያ ለማዳን የሚሞክር ሰው ነገሩን ያባብሰዋል። እርጥበት የሚመጥ ጨው መሰል ኬሚካል የሚያስቀምጡም አሉ። ይሠራል፣ ግን የሚያጠራቅመው ፈሳሽ ብረት ይበላል፤ በማይገለበጥ ዕቃ ይሁን፣ ቶሎ ቶሎም ይደፋ።

ወደ ውሃ የምትመለሱበት ቀን ሲመጣ ልብሱን ገልጣችሁ ወዲያው ቁልፍ አትንኩ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ሆዱ ውስጥ ይተኛል። መቀመጫውን አንስታችሁ አናፍሱት። የጭስ መውጫውን ውታፍ አውጡ። የማፍሰሻ ክዳኖቹን ዝጉ። ይህቺን የመጨረሻዋን የረሳ ሰው ጄት ስኪውን ሲሰምጥ ቆሞ ያየዋል።

ልብሱን ማጠብና ማጠፍ

ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አታስገቡት፤ በማሽንም አታድርቁት። ሙቀቱ የውሃ መከላከያ ቅቡን ያላቅቀዋል። መሬት ላይ ንጹሕ ነገር አንጥፉ፣ ወይም እዚያው ጄት ስኪው ላይ እንደለበሰ፣ ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት። በደንብ አለቅልቁት፤ የቀረ ሳሙና ቆሻሻ ይስባል። የወፍ ኩስ ሳይውል ሳያድር ይነሳ። በረኪና ቅብ ባለው ፖሊስተር ላይ አይሆንም። አክሪሊክ ግን የተበረዘ በረኪና ይችላል፣ አምራቹ ከፈቀደ።

ውሃ ሲረጭበት እየተንከባለለ መውረዱን ካቆመና መጠጣት ከጀመረ ደረቁን ጨርቅ በውሃ መከላከያ መርጫ ማደስ ይቻላል። መጀመሪያ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። በቆሻሻ ላይ የተረጨ መከላከያ ቆሻሻውን ነው የሚያሽገው።

ሲታጠፍ አንድ ጥግ እንኳ እርጥብ አይሁን። ሁልጊዜ በአንድ መስመር ላይ አትጠፉት፣ ቅቡ እዚያ ይሰነጠቃል፤ መጠቅለል ይሻላል። ፊቱ ከላይ እንዲሆን አድርጋችሁ ከኋላ ወደ ፊት ጠቅልሉት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከአፍንጫው ስትጀምሩ ራሱ ይዘረጋላችኋል።

ትንሽ ቀዳዳ ሳትሰፋ ከሁለቱም በኩል ለጥፉባት። ትልቁን ቅዳድ ግን ከመለጠፋችሁ በፊት ፈትኑት፦ ከቅዳዱ አጠገብ ያለውን ጨርቅ በሁለት አውራ ጣት ይዛችሁ ሳብ አድርጉት። ከጸና ለጥፉት። ተንጫጭቶ ከለቀቀ ፀሐይ ጨርሳዋለች፣ አዲስ ግዙ። አሮጌውን ግን አትጣሉት፤ ደህና ደህናው ተቆርጦ ለሚቀጥለው ልብስ የስፖኪዮና የመሪ መሸፈኛ ይሆናል።